«ለውሻም ይለቀሳል እንዴ?» የቤት ውሻ ሲሞት የሚሰማን ሐዘን

የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። ውሻው የሞተበት ሰው ግን አይስቅም።

ባሕር ዳር ላይ በየግቢው ሌሊቱን በር ሲጠብቅ የሚያድር፣ ማለዳ ወደ ጣና ዳር ስንወጣ የሚከተለን፣ ከሥራ ስንመለስ ጭራውን እየቆላ የሚቀበለን ውሻ አለ። ታሞ፣ አርጅቶ፣ መኪና ገጭቶት ወይም መርዝ በልቶ ሲሞት ግቢው ጭር ይላል።

ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድር ይጠራል፣ ጎረቤት አብሮ ያመሻል። ለውሻ ይህ ሁሉ የለም። «ሰው እየሞተ ባለበት ጊዜ ለውሻ ታለቅሳለህ?» ነው የሚባለው። ስለዚህ ባለቤቱ ተደብቆ ያለቅሳል። አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለዚህ ዓይነት ሐዘን ጽፈዋል፤ በእኛ አነጋገር «ለቅሶ ያልተፈቀደለት ሐዘን» ልንለው እንችላለን። የሚጎዳው ማዘኑ አይደለም፤ ለብቻ መሸከሙ ነው።

ለውሻ ያዘነ ሰው ለሰው ያለው ሐዘን አይቀንስበትም። እንዲያውም ለሞተ ዘመዱ በወጉ ሳያለቅስ የቀረ ሰው፣ የውሻው ሞት ያንን የቆየ ሐዘን ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ፦ ውሻው በምን ሞተ?

ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ተቀይሮ ነበር? ለሃጩ ይዝረከረክ ነበር? መዋጥ አቅቶት ወይም የኋላ እግሩ ከድቶት ነበር? ያለ ምክንያት ይናከስ ነበር? እንዲህ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታው ሁልጊዜ በቁጣ አይገለጽም፤ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ የሚተኛም አለ። ብዙ ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚያስገባው ያኔ ነው።

👉 ነክሷችሁ ወይም ቧጭሯችሁ ከሆነ፣ ወይም ለሃጩ ቁስላችሁን፣ ዓይናችሁን ወይም አፋችሁን ነክቶ ከሆነ፣ ቦታውን ወዲያው በደንብ ታጠቡ። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውኃና በሳሙና እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቀናት ካለፉም «አሁንማ አልፏል» አትበሉ፤ ሂዱ።
👉 የሕመሙ ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ በጊዜ ከተወሰደ ግን ያድናል። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ክትባቱን ግን አይተካም።
👉 ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ከመቅበራችሁ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።

የተለመደው ስሜት ምን ይመስላል?

እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመፈለግ፣ ድምፁን የሰሙ መምሰል፣ በር ሲከፈት እሱን መጠበቅ። ከሁሉ የሚከብደው ጸጸቱ ነው፦ «ቀደም ብዬ ሐኪም ባሳየው ኖሮ፣ በሩን ባልከፍተው ኖሮ።» ዛሬ ያወቃችሁትን ያን ቀን አታውቁትም ነበር። ሐዘኑ እየመጣ እየሄደ ቀስ በቀስ ይለዝባል።

ሐዘን አካልንም ይነካል። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው አንድ ጽሑፍ፣ ውሻዋ ከሞተ በኋላ የልብ ድካም የሚመስል ከባድ የደረት ሕመም ይዟት ሆስፒታል ስለገባች አሜሪካዊት ሴት ይናገራል። ስለዚህ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ «ሐዘን ነው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ።

ምን እናድርግ?

1. ለአንድ ሰው ንገሩ። የማይስቅባችሁን ምረጡና ቡና ላይ አውሩት። ስሙን ጥሩ፣ ፎቶውን አሳዩ።

2. ተሰናበቱት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንኳ ይወዱት ለነበረው ሉሉ ለተባለ ትንሽ ውሻ በቤተ መንግሥቱ ግቢ መቃብር አሠርተውለታል። እናንተም ግቢ ካላችሁ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩትና ችግኝ ትከሉበት። ሐይቅ ዳር፣ ዓባይ ዳር ወይም የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ግን አይሁን፤ ውኃውን ሰው ይጠቀምበታል።

3. ለልጆች እውነቱን ንገሯቸው። «ጠፋ» ካላችኋቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። «ተኛ» ካላችኋቸው መተኛት ሊፈሩ ይችላሉ። «ሞተ፤ ከእንግዲህ አይመለስም፤ እኛም አዝነናል» በሉ። ስታለቅሱ ቢያዩአችሁ ችግር የለውም።

4. ብቻቸውን የሚኖሩ እናትና አባቶችን አትርሱ። ልጆቻቸው ርቀው ለሚኖሩ አዛውንት ያ ውሻ የቤቱ ብቸኛ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ደውሉላቸው፣ ብቅ በሉ።

5. የማለዳ እርምጃችሁን አታቁሙ። ጣና ዳር ያለ እሱ መሄዱ መጀመሪያ ይከብዳል። ከጓደኛ ጋር ጀምሩት።

6. ሌላ ውሻ ለማምጣት አትቸኩሉ። ስታመጡ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስከትቡት።

ሐኪም መቼ እንይ?

ከሁለት ሳምንት በላይ መተኛት፣ መብላት ወይም ሥራ መሥራት ካቃታችሁ፣ መጠጥ ወይም ጫት ካበዛችሁ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሩ። «መኖር አልፈልግም» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፤ ለቅርብ ሰው ተናገሩና አብራችሁ ሂዱ። ባሕር ዳር ላላችሁ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ።

ይህን ጽሑፍ ውሻው ለሞተበት ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተም የውሻችሁን ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ እዚህ ገጽ ላይ ማንም አይስቅባችሁም።

ጤና ይብዛላችሁ!