ቀሃና አንገረብ፦ ጎንደርን ያቀፉ ሁለት ወንዞች

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ የመረጡት በሁለት ወንዞች መካከል ያለ ከፍታ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ከተማዋ ያደገችው እነሱን ተደግፋ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን ከቀሃ ማዶ ተከሉ። በወለቃ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያንም ሕጋቸው በውኃ መንጻትን ያዛልና ከወንዝ አልራቁም።

በልጅነቴ ቀሃ የልብስ ማጠቢያችን ነበር። እናቶች ጋቢውንና ነጠላውን ተሸክመው በጠዋት ይወርዳሉ። እንዶዱ ተወቅጦ አረፋ ሲያወጣ፣ ጋቢው በእግር ሲረገጥ፣ ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲሰጣ ወንዙ ዳር ነጭ በነጭ ይሆናል። እኛ ልጆች ልብሱ እስኪደርቅ እንዋኛለን። ዛሬ እዚያው ቦታ ብቆም የማየው ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ከየግቢው የሚወጣው ፍሳሽም ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። በዚያው ውኃ ሰላጣና ጎመን ይለማል፤ አትክልቱም ገበያችን ይደርሳል።

የአንገረብ ታሪክ ለየት ይላል። ተገድቦ ከተማዋን በቧንቧ ያጠጣል፤ ነገር ግን በላይ ያለው ተራራ ስለተራቆተ ክረምት በመጣ ቁጥር ግድቡ ውስጥ ደለል ይከመራል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 207,044 የነበረው የከተማዋ ሕዝብም ከዚያ ወዲህ እጅግ በዝቷል። ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ውኃ መጠበቅ የጎንደር ሰው ኑሮ ሆኗል። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል።

ወንዝ ከቆሸሸ በኋላም ይመለሳል። የፓሪሱ ሴን በውኃው ብክለት የተነሣ ዋና ለመቶ ዓመት ያህል ተከልክሎበት ነበር፤ እኤአ በ2025 ክረምት ግን ለሕዝብ ተከፈተ። ፈረንሳዮች ለዚህ ከቢሊዮን ዩሮ በላይ አውጥተዋል። የእኛው ሥራ ከዚያ ይቀላል ባይ ነኝ፤ ቀሃ ትንሽ ወንዝ ነው፣ ጉዳቱም የደረሰበት በዐይናችን ፊት ነው።

በየዓመቱ ለጥምቀት የፋሲለደስ ገንዳ የሚሞላው ከቀሃ በሚጠለፍ ውኃ ነው። ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩት፣ ጥር 11 ማለዳ ወጣቱ እየዘለለ የሚገባው እዚያ ነው። የከተማው አስተዳደርም፣ አድባራቱም፣ ወንዙ ዳር ቤት የሠራን ሁላችንም ከወዲሁ እንነጋገር፤ የመጸዳጃ ቤትና የግቢ ፍሳሽ ወደ ቀሃ መልቀቅ ከመጪው ጥምቀት በፊት ይቁም።