የሶማሊኛ ግሥ፦ የቀለሙ ሕግና የአረባቡ መንገድ

በሀርጌሳ «ያውቃል» ለማለት «ያቃን»፣ «ታውቃለች» ለማለት «ታቃን»፣ «እናውቃለን» ለማለት ደግሞ «ናቃን» ይባላል። የግሡ ሥር ከእኛው ቢለይም ከፊት የሚቀጠሉት «ያ» እና «ታ» ኩሻዊና ሴማዊ ቋንቋዎች ከጋራ ምንጫቸው የወረሷቸው ናቸው። እንዲህ የሚረቡ የሶማሊኛ ግሦች ግን ዛሬ አምስት ብቻ ናቸው፦ መምጣት፣ ማለት፣ ማወቅ፣ በቦታ መገኘትና መሆን። የቀሩት ሁሉ ቅጥያቸውን ከኋላ ያስከትላሉ።

ተማሪን የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። «እይ» ሲባል «አራግ» ነው፤ «አየሁ» ሲባል «አርካይ»፣ «አየች» ሲባል «አራግታይ»፣ «አዩ» ሲባል «አርኬን» ይሆናል። ዝብርቅርቅ ይመስላል፤ ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። አንድ የሶማሊኛ ቀለም ሁለት ተናባቢ አጣምሮ አይጀምርም፣ በሁለትም አይዘጋም። ቅጥያው በአናባቢ ሲጀምር የግንዱ ሁለተኛ «ኣ» ይወድቅና «አር-ካይ» ይሆናል። በ«ታይ» ሲጀምር ግን «ኣ» ቢወድቅ ሦስት ተናባቢዎች ስለሚገጣጠሙ ባለበት ይቆያል፦ «አ-ራግ-ታይ»። «ክ» ደግሞ ቀለም መዝጋት ስለማይችል መጨረሻ ላይ «ግ» ሆኖ ይሰማል። «ሃዳል» (ተናገር) የሚለውም «ሃድላይ» (ተናገርኩ) ይላል፤ «ተናገረች» ሲሆን «ል» እና «ት» ተዋህደው «ሽ» ስለሚሆኑ «ሃዳሻይ» ይሆናል።

«አርካይ» አየሁም አየም ነው። ስለዚህ «ዋን አርካይ» (አየሁ)፣ «ዉ አርካይ» (አየ) እየተባለ ይለያል። ፈረንሳይኛ በዚህ ይብሳል፤ «እናገራለሁ»፣ «ትናገራለህ»፣ «ይናገራል» እና «ይናገራሉ» አጻጻፋቸው ሁሉ አንድ ባይሆንም አራቱም «ፓርል» ተብለው ይነበባሉ። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚማር የጅቡቲ ልጅ በሁለቱም ተውላጠ ስሙን አጥብቆ መያዝ አለበት።

የሶማሊኛ ሰዋስው ጥናት ረጅም ዕድሜ አለው። ኪርክ የተባለ አጥኚ የሰዋስው መጽሐፉን ያሳተመው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፖላንዳዊው አንድርዜየቭስኪና ሶማሌው ሊቅ ሙሴ ጋላል አብረው ሠርተዋል። የላቲኑ ፊደል በጥቅምት 1972 እ.ኤ.አ. ጸደቀና የአናባቢ ርዝመት ፊደሉን በመደጋገም ይጻፍ ጀመር።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ግን የሀርጌሳው ተወላጅ ባለቅኔ መሐመድ ሐሺ ዳማዕ «ጋሪዬ» ያደረገውን ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የሶማሊኛ ግጥም ምጣኔ በአናባቢ ርዝመት እንደሚቆጠር በጋዜጣ አስረዳ፦ አጭሩ አንድ፣ ረጅሙ ሁለት። አብዱላሂ ዲሪዬ ጉሌድም በዚሁ ጉዳይ ደክሟል። ገጣሚዎች ለዘመናት በጆሯቸው ሲጠብቁት የኖሩት ሕግ ያኔ በጽሑፍ ተገለጠ።

ሶማሊኛ ለመማር የተነሳችሁ ሁሉ የእርባታ ሠንጠረዥ ከመሸምደዳችሁ በፊት ቃሉን በቀለም መክፈልን ተለማመዱ። «አራግ» ለምን «አርካይ» እንደሚሆን የገባው ሰው «ሃድላይ» አያስቸግረውም።