የኤክሴል ዝርዝር ወደ ክምችት መዝገብ ሲገባ ስሕተቱም አብሮ እንዳይገባ

ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር በተሸጋገሩ የንግድ ድርጅቶች ዘንድ የተለመደ አንድ አሠራር አለ። ቅርንጫፍ ሱቆች የሳምንቱን ሽያጭ፣ አቅራቢዎች ደግሞ የዋጋ ዝርዝራቸውን በኤክሴል ሠንጠረዥ እያዘጋጁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይልካሉ። በዋናው ቢሮ ያለው የሒሳብ ሠራተኛም ፋይሉን ተቀብሎ ዛሬ ሴጅ 50 በተባለው ፒችትሪ፣ በኦዱ፣ በኢአርፒኔክስት ወይም በሌላ የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባዋል። ሥራው በየሳምንቱ፣ በአንዳንዶቹ ዘንድም በየቀኑ ይደጋገማል።

አሠራሩ ጊዜ ይቆጥባል። በእጅ ሲተየብ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ የ600 ዕቃ ዝርዝር በጥቂት ደቂቃ ይገባል። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ተቀባይ እንጂ መርማሪ አይደለም። በእጅ ሲጻፍ አንድ መስመር ላይ ይቀር የነበረ ስሕተት በፋይል ሲገባ ስድስት መቶውንም መስመር ያዳርሳል። ውጤቱም ኮምፒዩተሩ አንድ ነገር፣ መጋዘኑ ሌላ ነገር ማለታቸው ነው።

ይህ ልዩነት ቀድሞም ጎጂ ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ግን ጉዳቱ ከብዷል። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዋጋ ቶሎ በሚለዋወጥበት ገበያ ያለውን ዕቃ የሌለው መስሎት እንደገና የሚያዝዝ፣ ወይም ባለፈው ሳምንት ዝርዝር የሚሸጥ ነጋዴ የሚከስረው ካፒታሉን ነው።

ሽያጭ ነው ወይስ ቀሪ?

ፋይል ከመግባቱ በፊት መመለስ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ በዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ምንን ይገልጻል የሚለው ነው። የተሸጠው ብዛት ከሆነ ሶፍትዌሩ ካለው ላይ ይቀንሰዋል። ተቆጥሮ የተገኘ ቀሪ ከሆነ ግን በቀድሞው ቁጥር ምትክ ይገባል። ሁለቱ ሲምታቱ መዝገቡ በአንድ ጊዜ ይበላሻል።

የሽያጭ ዝርዝር ሌላም አደጋ አለው። ቀሪን የሚገልጽ ፋይል ሁለት ጊዜ ቢገባ፣ በመሐል ሌላ ሽያጭ እስካልተመዘገበ ድረስ፣ ለውጥ አያመጣም። የሽያጭ ፋይል ሁለት ጊዜ ከገባ ግን ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። ለምሳሌ በመርካቶ፣ በሳሪስና በመገናኛ ሱቆች ያሉት አንድ የሳሙና አከፋፋይ ኮምፒዩተሩ ላይ 480 ካርቶን አለው እንበል። ቅዳሜ የሦስቱ ሱቆች ዝርዝር 120 ካርቶን መሸጡን ያሳያል፤ ፋይሉ ሲገባ ቀሪው 360 ይሆናል። ሰኞ ዝርዝሩን ያሰባሰበው ሠራተኛ የአንድ ዕቃ ዋጋ አርሞ ሙሉውን እንደገና ይልካል። ፋይሉ እንደ አዲስ ሲገባ መዝገቡ 240 ይላል። አከፋፋዩ ቀሪው ከ250 ሲያንስ የሚያዝዝ ከሆነ ወዲያውኑ 400 ካርቶን ያዝዛል። ካርቶኑ 2,000 ብር ቢሆን 800,000 ብር ባልተፈለገ ዕቃ ላይ ታሰረ ማለት ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱ መስመር የማይደገም መለያ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የሱቁ ምልክት፣ ቀኑና የደረሰኙ ቁጥር አንድ ላይ ቢጻፉ በቂ መለያ ይሆናሉ። ኦዱ «የውጭ መለያ» የሚለው ዓምድ አለው። ተመሳሳይ መለያ ያለው መስመር ተመልሶ ሲመጣ አዲስ መዝገብ ከመክፈት ይልቅ የነበረውን ያሻሽላል። ኢአርፒኔክስትም ፋይል ሲቀበል አዲስ መዝገብ ልጨምር ወይስ ያለውን ላሻሽል ብሎ ያስመርጣል። ሠራተኛው ሳያስተውል የሚያልፈው ይህ ምርጫ ነው።

ስም አያስማማም፤ ኮድ ያስማማል

ዕቃን በስሙ ማገናኘት በአማርኛ በተለይ አስቸጋሪ ነው። አንዱ ሱቅ «ፀጉር ቅባት»፣ ሌላው «ጸጉር ቅባት» ብሎ ቢጽፍ ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለሶፍትዌሩ ግን ሁለት ዕቃ ነው። «ዘይት 5 ሊትር» እና «ባለ 5 ሊትር ዘይት»ም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት አንዱ ዕቃ በሁለት ስም ተከፍሎ በአንደኛው ሲትረፈረፍ በሌላው አለቀ ይባላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቋሚ ኮድ ሊኖረው፣ ሱቆችም በኮዱ ብቻ ሊልኩ ይገባል። ስሙ ለሰው ዓይን ይቀመጥ።

ኮዱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤክሴል ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ እንደ ቁጥር ስለሚይዝ 00457 የሚለውን ኮድ 457 ያደርገዋል። 13 አሃዝ ያለውን የባርኮድ ቁጥርም አሳጥሮ ያሳያል፤ ፋይሉ በዚያው ሁኔታ ሲ.ኤስ.ቪ. ሆኖ ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ይጠፋሉ። ኮድ ከመጻፉ በፊት ዓምዱን «ጽሑፍ» በሚለው ዓይነት ማዘጋጀት ይህንን ይከላከላል። የአማርኛ ስም ያለበት ፋይል ደግሞ በተራው ሲ.ኤስ.ቪ. ከተቀመጠ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ስለሚለወጥ «ሲ.ኤስ.ቪ. ዩ.ቲ.ኤፍ.-8» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

መስፈሪያና ቀን

በአንድ ካርቶን 24 ፍሬ የሚይዝ ዕቃ ሦስት ካርቶን ሲሸጥ የሱቁ ሠራተኛ 72 ብሎ ይጽፋል፤ ፍሬ ማለቱ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ካርቶን ከሆነ 72 ካርቶን፣ ማለትም 1,728 ፍሬ ከመዝገብ ይቀነሳል። ብዛትና መስፈሪያ በተለያየ ዓምድ መጻፍ አለባቸው። ካርቶን፣ ደርዘን፣ ኩንታልና ፍሬ የሚሉት ቃላት ከተወሰነ ዝርዝር ውስጥ እንዲመረጡ ማድረግም ይቻላል።

ቀን የባሰ ወጥመድ ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። የካቲት 30 ቀን 2017ን 30/6/2017 ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ ሳያውቅ የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 2017ን፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2009ን ነው። ሽያጩም ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ተዘጋ ሒሳብ ይሄዳል። ጥቅምት 30 ደግሞ 30/2 ተብሎ ሲጻፍ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ቀን መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜን በአሥራ ሦስተኛ ወርነት የሚመዘግብማ፣ 3/13 ያለው ወርን አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒዩተር ማርች 13 ሆኖ ያገኘዋል። ድርጅቱ ለሚላላከው ፋይል አንድ አቆጣጠር ብቻ መርጦ ለሁሉም ሱቅ ማሳወቅ አለበት።

መስመር መቁጠር

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ፍተሻ ቀላሉ ነው፤ የተላከው ሁሉ ገብቷል ወይ? ይህን አለመጠየቅ ትልልቅ መንግሥታትንም አሳፍሯል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ከላቦራቶሪዎች በየዕለቱ የሚላክለትን የኮሮና ምርመራ ውጤት የሚያሰባስበው ከ65,536 መስመር በላይ በማይቀበለው አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። አንድ ውጤት በርካታ መስመር ስለሚወስድ አንዱ ፋይል የሚይዘው 1,400 ገደማ ሰዎችን ብቻ ነበር። የተረፈው በዝምታ ተቆረጠ። ከመስከረም 15 እስከ 22 በነበሩት ቀናት 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር የተገናኙትን ፈልጎ የማስጠንቀቁም ሥራ ዘገየ። በዛሬው የኤክሴል ፋይል ጣሪያው 1,048,576 መስመር ቢደርስም ትምህርቱ አልተለወጠም።

ለነጋዴው የሚበቃው ዘዴ ሁለት ቁጥር መያዝ ነው። ላኪው በፋይሉ ያሉትን መስመሮች ብዛትና የብዛት ዓምዱን ድምር በመልእክቱ ላይ ይጻፍ። ተቀባዩም ፋይሉን ካስገባ በኋላ ከሶፍትዌሩ ሪፖርት ጋር ያስተያየው። ካልተስማማ ፋይሉ ተመልሶ እስኪጣራ ድረስ ግዢ አይታዘዝም። ከማስገባቱ በፊት የመረጃውን ቅጂ ማስቀመጥና አዲስ የፋይል ቅርጽ ሲመጣ በአሥር መስመር መሞከርም ልማድ መሆን አለበት።

የዋጋ ዝርዝርን በሚመለከት አንድ ተጨማሪ ደንብ ይበጃል። እያንዳንዱ ዝርዝር ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና የሚገልጽ ቀን ይኑረው። ዘግይቶ የደረሰ አሮጌ ዝርዝር በአዲሱ ላይ ከተጫነ ሱቁ ዕቃውን መልሶ ሊገዛበት ከማይችለው ዋጋ በታች ሲሸጥ ይሰነብታል። ዋጋ የሚለውጥ ፋይል ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ሳያየው ባይገባ ይመረጣል። ፋይሉን ያዘጋጀውና ያጸደቀው አንድ ሰው መሆንም የለበትም።

ይህ ሁሉ ሲደረግም የመጨረሻው ዳኛ ቆጠራ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚሸጡትን ሃያ ወይም ሠላሳ ዕቃዎች በየሳምንቱ በእጅ ቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ልዩነቱ በዚያው ሳምንት ከተገኘ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ መለየት አይከብድም። በዓመቱ መጨረሻ ሲገኝ ግን ከሃምሳ በላይ ፋይሎች ይጠረጠራሉ። የታክስ ኦዲተር ሲመጣም የጎደለው ዕቃ ያለ ደረሰኝ የተሸጠ ሳይሆን ሁለት ጊዜ የገባ ፋይል መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም በነጋዴው ላይ ይወድቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚሁ ነው።