ባሕር የሌለበት ወደብ

ወደብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባሕርና መርከብ ነው። ነገር ግን ባሕር የሌለበት ወደብም አለ። ስሙም ደረቅ ወደብ ይባላል። ለመሆኑ ደረቅ ወደብ ምንድን ነው? ለሐረር አካባቢ ገበሬስ ምን ይጠቅመዋል?

ሐረር ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ ከተማ ናት። ሲራራ ነጋዴው ከዘይላ ባሕር ዳርቻ ጨርቅና ሸቀጥ በግመል ጭኖ ይመጣ ነበር። ግመል ግን የሐረርን ዳገት መውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ፣ ጊልዴሳ ላይ፣ ጭነቱ ከግመል ይወርድና በአህያና በበቅሎ ይጫናል። ቀረጥም እዚያው ይከፈል ነበር። የሐረር ቡናና ቆዳም በዚያው መንገድ ይወርዳል። እንግዲህ ጭነት መለወጫና ቀረጥ መክፈያ ቦታ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም።

በኋላ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የሠራውም የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላ አለፈ። ብዙው ንግድም ተከትሎት ወደ ድሬዳዋ ወረደ። መንገድ ሲዞር ገበያም አብሮ ይዞራል።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የራሷ የባሕር በር የላትም። ከ1990ው ጦርነት በኋላ ደግሞ በአሰብ የሚመጣው ዕቃ ቀረ። አብዛኛው ዕቃ የሚገባው በጅቡቲ ነው። ዕቃ ባሕር ወደብ ላይ በቆየ ቁጥር ኪራይ ይቆጠርበታል። ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ በመጨረሻ ግን ከገዢው ኪስ ይወጣል። የውሃ መሳቢያ ሞተር መለዋወጫ አንድ ወር ቢዘገይ፣ የገበሬው ሽንኩርት ማሳው ላይ ይደርቃል።

ደረቅ ወደብ ይህን ችግር ያቃልላል። ኮንቴይነር፣ ማለት ትልቁ የብረት ሣጥን፣ ከመርከብ ይወርድና እንደታሸገ በመኪና ወይም በባቡር ይጫናል። ሞጆ ወይም ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ጉምሩክ ይፈትሸዋል። ባለንብረቱም እዚያው ቀረጡን ከፍሎ ይረከባል። ጅቡቲ ድረስ መሄድ ቀረለት ማለት ነው።

ይህን ሥራ አንድ አገር ብቻውን አይወጣውም። ጎረቤት አገር ማኅተሙን አምኖ ካላሳለፈ ሣጥኑ አይንቀሳቀስም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ነው። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ የቻይና ባንክም አበድሯል። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለሞጆ ደረቅ ወደብ ማሻሻያና ተያያዥ ሥራዎች 150 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። የእስያ አገሮችም በ2006 ዓ.ም. ባንኮክ ላይ ስለ ደረቅ ወደብ ስምምነት ፈርመዋል። ብድር ግን ዕዳ ነው። የሚከፈለውም ወደ ውጭ በምንልከው ምርት ነው።

ታዲያ የገበሬው ድርሻ ምንድን ነው? ብዙ ኮንቴይነር ሞልቶ ገብቶ ባዶውን ይመለሳል። አንድ ኮንቴይነር ሁለት መቶ ኩንታል የሚጠጋ ቡና ይይዛል። የአንድ ገበሬ ምርት አይሞላውም፤ የማኅበር ምርት ግን ይሞላዋል። የሐረር ቡና ወይም የባቢሌ ለውዝ በማኅበር ተሰብስቦ፣ ተለቅሞና ተመዝኖ ቢቀርብ የመኪናው ኪራይ ለሁሉም ይካፈላል፤ በዋጋም መደራደር ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።