የደብተር ቦርሳ ከአሮጌ ጨርቅ



ዛሬ የማነሣላችሁ ስለ አንድ የእጅ ሥራ ነው። ይኸውም ከአሮጌ ጨርቅ ቦርሳ መስፋት ነው። መርፌ፣ ክር፣ መቀስ፣ መለኪያ ሜትርና አንድ ያረጀ ልብስ ካላችሁ ይበቃል። የስፌት መኪና አያስፈልግም። የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ማታ ከእራት በኋላ፣ ወይም ክረምት ዝናቡ ከቤት ሲያውለን የሚሠራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። ቁጥር ማንበብና ቁጥር መጻፍ ይጠይቃል። እናንተ ደግሞ ይህን አሁን ችላችኋል።

እኔ መምህር ስለሆንሁ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው ደብተር ላይ ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ክረምቱ ብርቱ ነው። ዝናቡም፣ ጭቃውም፣ ብርዱም አይጣል ነው። ማታ ወደ ትምህርት የሚመጡትን ስመለከት አንዱ ደብተሩን ከብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች። ሌላው በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣል። በብብት የተያዘው ይርሳል፤ ወረቀቱ ይጣበቃል፣ ሲገልጡት ይቀደዳል። በሃምሳ ዓመቱ ፊደል የለየ ሰው በገዛ እጁ የጻፈው ገጽ እንዲህ ሲጠፋበት ማየት ያሳዝናል።

በፌስታል ቢጠቀለልስ ምን አለበት? ትሉኝ ይሆናል። ለአንድ ቀን ደኅና ነው። በማግሥቱ ግን ይቀደዳል፤ ይጣላል። ነፋስ አንሥቶ ወደ ግጦሹ ይወስደዋል። ላም ደግሞ የምግብ ሽታ ያለው ፌስታል ካገኘች ትበላዋለች። ሣር ሲበላ ይመነዠጋል፣ ይፈጫል። ፌስታል ግን አይፈጭም፤ አይበሰብስም። በጨጓራዋ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ሲበዛ መንገድ ይዘጋል። ላሟ ሆዷ ይነፋል፤ መብላት ትተዋለች፤ ትከሳለች፤ ልትሞትም ትችላለች። ከብት አራጆች ጨጓራ ሲከፍቱ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ፌስታል ያገኛሉ። አንድ በሬ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ገበሬ አይነገረውም።

ሕጉም ይህን አይቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን፣ የማይበሰብሰውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። 0.03 ሚሊ ሜትር ምን ያህል ነው? በመለኪያ ሜትራችሁ ላይ ትንንሾቹን ጭረቶች ተመልከቱ። ከአንዱ ጭረት እስከ ሌላው ያለው አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ያንን መቶ ቦታ ብትከፍሉት፣ ከመቶው ሦስቱ ማለት ነው። ዓይን አይለየውም። ነጋዴውም ገዢውም ሊለዩት ስላልቻሉ ይመስለኛል ፌስታሉ ከገበያ ያልጠፋው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ዐዋጅ ግን የፌስታልን ማምረትም፣ ወደ አገር ማስገባትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም ከለከለ። ከጎረቤቶቻችን ኬንያ ይህን በ2009 ዓ.ም. አድርጋዋለች። ሩዋንዳም ከኬንያ ቀድማ በ2000 ዓ.ም. ሕግ አውጥታለች። እንግዲህ ፌስታሉ ይቅር ከተባለ ዕቃችን በምን ይያዝ?

መያዣ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «ቦርሳ» የሚለው ስም ነው ከጣልያን ቋንቋ የመጣው። አባቶቻችን እህል በአቁማዳና በስልቻ ይጭኑ ነበር፤ ሁለቱም ቆዳ ናቸው። ለገበያ ዘንቢል ነበረ። የቆሎ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ ሲሄድ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ ነው። አኮፋዳ የለመነውን ቁራሽ የሚይዝበት ነው። የብራና መጽሐፍ ደግሞ ማኅደር ነበረው፤ ከቆዳ የተሰፋ፣ ጠፍር ያለው፣ ከትከሻ ወይም ከግድግዳ የሚንጠለጠል። ኋላ ማዳበሪያ መጣ። ከረጢቱ ራሱ በውስጡ በነበረው ነገር ስም ተጠራና ዛሬ «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ» እንላለን። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ማኅደር፣ ቁራሹ አኮፋዳ ነበረው። ዛሬ የምንሰፋው የደብተራችሁን ማኅደር ነው።

አንዳንድ ወንዶች «እኔ መርፌ ይዤ ልቀመጥ እንዴ?» ይላሉ። ይህ ይገርመኛል። ከገበያው በረንዳ በስፌት መኪና ተቀምጦ የሚውለው ልብስ ሰፊ ብዙውን ጊዜ ወንድ አይደል? ሸማኔውም ወንድ ነው። ዱሮ «እገሌ ሸማኔ፣ እገሌ ፋቂ» እየተባለ የእጅ ባለሙያ ይናቅ እንደነበር ታውቃላችሁ። የሚንቀው ሰው ግን የሸማኔውን ጋቢ ለብሶ ነበር የሚንቀው። ሴቶች ደግሞ «እኛ ልብስ መስፋት አልተማርንም» ይላሉ። መሶቡን፣ ሰፌዱን፣ ሌማቱን የሚሰፋው ታዲያ ማን ነው? ስንደዶና አክርማ ይዛ በወስፌ የምትሰፋ ሴት ዙሩን ትቆጥራለች፤ ሐረጉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገጥም ሳትጽፍ ታውቀዋለች። ከተማሪዎቼ አንዲት እናት የመጀመሪያ ቦርሳዋን ስትሰፋ ስፌቷ ከእኔ ስፌት ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። ምስጢሩ መሶቡ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ። አሮጌ ልብስ ሁሉ አሮጌ አይደለም። ሸሚዝ የሚያልቀው ከአንገትጌውና ከክርኑ ነው፤ ጀርባው ደኅና ነው። ሱሪ የሚያልቀው ከጉልበቱና ከመቀመጫው ነው፤ ከጉልበት በታች ያለው ጠንካራ ነው። ስለዚህ ልብሱን ከመጣላችሁ በፊት ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቦታ ካለ ያንን ተዉት። ከዚያ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጎተት አድርጉት። ከተንጣጣ አይረባም። ካኪ በጣም ጥሩ ነው። አቡጀዲም ይሆናል፤ ነገር ግን አዲስ አቡጀዲ ሲታጠብ ስለሚያጥር ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ጋቢ ክሩ ስለሚላቀቅ ለብቻው አይሆንም፤ ለገበር ግን ግሩም ነው። ምንም አሮጌ ልብስ ከሌላችሁ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሂዱና ቁርጥራጭ ለምኑ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፤ ድርና ማጉን ለዩ። ድር ሸማኔው በቁመት የሚወጥረው ክር ነው። ማግ በመወርወሪያ እየተወረወረ በወርዱ የሚገባው ክር ነው። ከዓባይ በረሃ በመጣ ጥጥ በቤታችን የተፈተለውም ሸማ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚያወጣውም ጨርቅ በዚህ አንድ ናቸው። ጨርቁን በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ብትስቡት ብዙም አይሳብም። በሰያፍ ብትስቡት ግን ይለጠጣል። ማንገቻ በሰያፍ ከተቆረጠ ደብተሩ ትከሻችሁ ላይ ጀምሮ ጉልበታችሁ ዘንድ ይደርሳል! ስለዚህ ሁልጊዜ በድሩ አቅጣጫ ቁረጡ።

አሁን ሜትራችሁን አምጡና ደብተራችሁን ለኩ። ለምሳሌ ቁመቱ 21 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 16 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ደብተሩ እንዳይጨናነቅ በሁለቱም ላይ 6 ጨምሩ። ቁመቱ 27፣ ወርዱ 22 ሆነ። ለግራና ለቀኝ ስፌት ለእያንዳንዱ 1.5፣ በድምሩ 3 ሳንቲ ሜትር በወርዱ ላይ ጨምሩ። 22 ሲደመር 3፣ 25 ይሆናል። ታችኛውን አንሰፋውም፤ አንዱን ጨርቅ እናጥፈዋለን። ስለዚህ 27 ሁለት ጊዜ፣ 54 ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ ለአፉ ቅምቅማት 3፣ 3 ስንጨምር 60 ይመጣል። እንግዲህ የምትቆርጡት ጨርቅ ቁመቱ 60፣ ወርዱ 25 ነው ማለት ነው። ዝናብ የሚከላከል ክዳን ከፈለጋችሁ በ60 ፋንታ 75 ቁረጡ። ለማንገቻው ደግሞ ቁመቱ 110፣ ወርዱ 8 የሆነ ቁራጭ ያስፈልጋል። እነዚህን ቁጥሮች በደብተራችሁ ጻፏቸው። በቃል የተያዘ ልክ መቀስ ሲነሣ ይጠፋል።

ጨርቁ ላይ በጠመኔ ወይም በሳሙና ስባሪ አስምሩና ቁረጡ። ክራችሁ ከአንድ ክንድ አይርዘም፤ ከረዘመ ይተበተባል። ክሩን በሰም እሹት። ሰም ስል የቅኔውን አይደለም፤ የንቡን ነው። ሰም የተቀባ ክር አይላላም፤ ዝናብም ቶሎ አያበሰብሰውም።

መጀመሪያ የአፉን ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር አጥፉ፤ እንደገና ሁለት ሳንቲ ሜትር አጥፉና ቀምቅሙት። በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ አድርጉ። ክዳን የተዋችሁለትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከዚያ የጨርቁ ፊት ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ውጭ ሆኖ ይታጠፍና ግራና ቀኙ ከጠርዙ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይሰፋል።

ስፌቱ ላይ ቸኩላችሁ እንዳትዘሉ። መርፌዋን ወደ ፊት ብቻ እየወጋችሁ ብትሄዱ ስፌቱ ያምራል፣ ነገር ግን አንድ ቦታ ክሩ የተበጠሰ ዕለት ሁሉም ይፈታል። ስለዚህ እየተመለሳችሁ ስፉ። መርፌዋ ወደ ኋላ ተመልሳ ያለፈው ስፌት ካበቃበት ትግባ፤ በታች ሁለት እርምጃ አልፋ ወደ ፊት ትውጣ። እንደገና አንድ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ፊት። እርምጃዋ የስንዴ ፍሬ ግማሽ ያህል ትሁን። ከአፉና ከታች ማዕዘኑ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ደጋግሙ፤ ቦርሳ የሚቀደደው ከእነዚህ ቦታዎች ነው። በመጨረሻ የተቆረጠውን ጠርዝ በአግድም እየወጋችሁ ዘምዝሙት፤ አለበለዚያ ክሩ እየተላቀቀ እስከ ስፌቱ ይደርሳል። ጨርቁ ወፍራም ሆኖ ጣታችሁን ካስቸገረ ቁራጭ ቆዳ ጠምጥሙበት።

ማንገቻውን በቁመቱ ሁለት እጠፉት፤ ግለጡት። መሐል ላይ መሥመር ታያላችሁ። ግራና ቀኙን ወደዚያ መሥመር አምጡና እንደገና እጠፉት። 8 የነበረው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ድርቡ አራት ነው። ዳር ዳሩን ስፉት። ቦርሳውን ገልብጡና የማንገቻውን ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ከጎኑ ስፌት ላይ አያይዙት። አንድ መሥመር ስፌት አይበቃውም። ዙሪያውን አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ስፉ፤ በመካከሉ ደግሞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስቀል አድርጉበት። ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ይህ ቦታ ነው። ቁልፍና ጥብጣብ ማብዛት ግን እኔ አልወድም፤ ለሠርግ የምትሄድ በቅሎ ይመስላል።

ለክረምቱ ገበር ያስፈልጋል። ከታጠበ ማዳበሪያ በቦርሳው ልክ ቁረጡና በውስጡ ስፉት። ለደብተር ነው እንጂ ለምግብ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ የማዳበሪያው ትራፊ በሽመናው መካከል ይቀራል። የገበያ ቦርሳ ከፈለጋችሁም አሠራሩ ይኸው ነው፤ ልኩ ይተልቃል፣ ጨርቁ ድርብ ይሆናል፣ እጀታው ሁለት ይሆናል። ድንችና ሽንኩርት ሲገባበት እንዲቆም፣ ቦርሳው ሳይገለበጥ ታችኛውን ማዕዘን እንደ ድንኳን ጫፍ አሹሉና ከሹሉ 4 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በአግድም ስፉ። በሁለቱም ማዕዘን እንዲህ ስታደርጉ ቦርሳው መቀመጫ ያወጣል።

ስለ ስማችሁ ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ማታ ከክፍል ሲወጣ አሥር ተመሳሳይ ቦርሳ በአንድ ጥግ ይቀመጣል። የማን እንደሆነ የሚለየው ስም ሲኖረው ነው። እስከ አምና ድረስ በአውራ ጣት ይፈርሙ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ስማቸውን በክር ይጽፋሉ። ፊደሉን በጠመኔ ጻፉና በላዩ ላይ እየተመለሳችሁ ስፉበት። በ፣ ተ፣ ገ ቀላል ናቸው፤ ቀጥ ቀጥ ያሉ መሥመሮች ናቸውና። መ እና ወ ግን ክብ ስላላቸው ያስቸግራሉ፤ በክቡ ላይ እርምጃችሁን አሳንሱ። ቁመቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ካነሰ ፊደሉ ይደፈናል። ይህንንም ጎንና ጎኑን ከመስፋታችሁ በፊት፣ ጨርቁ ገና ተዘርግቶ ሳለ ሥሩት። ቦርሳው ከተዘጋ በኋላ እጅና መርፌ አብረው አይገቡበትም።