እጓለ ቋዓት፡- በጓሮአችን ያለው የወፍ ጎጆ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን በየክፍሉ ስትቆጥር በነሐሴ ወር ከሚውሉት ክፍሎች አንዱን «እጓለ ቋዓት» ብላ ትጠራዋለች፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ዘርዕና ደመና፣ መብረቅና ነጐድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ በየተራቸው ከታሰቡ በኋላ ተራው ገና ላባ ላላወጣ ጫጩት ይደርሳል። ይህን የዘመን ስም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ከጓሮአችን ካለው ጎጆ ጋር ግን አናገናኘውም።

ስያሜው ልበ አምላክ ቅዱስ ዳዊት እግዚአብሔር ለእንስሳትና ለሚጮኹ የቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን እንደሚሰጥ ከዘመረበት ቃል የመጣ ነው (መዝ. 146፥9)። በመጽሐፈ ኢዮብም ይኸው ነገር በጥያቄ መልክ ተነግሯል (ኢዮ. 38፥41)። መምህራን ሲያስተምሩ፣ የቁራ ጫጩቶች ከእንቁላል ሲወጡ ላባ የላቸውም፤ መልካቸውም ወላጆቻቸውን አይመስልም፤ ስለዚህ ወላጆቻቸው ትተዋቸው ይርቃሉ ይላሉ። ጫጩቶቹም አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ እግዚአብሔር ጥቃቅን ተሐዋስያንን ወደ አፋቸው ያመጣላቸዋል፤ ላባ ባወጡ ጊዜ ወላጆቻቸው ዐውቀዋቸው ይመለሳሉ።

ይህን ትርጓሜ ሰምቶ ወደ ጓሮው የሚወጣ ሰው የሚያየው ብዙ ነው። በአካባቢያችን በጌጫ ከቤት ጀርባ እንሰትና ጎደሬ፣ ከዚያም ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛና ብሳና የተለመደ ነው። ወፎች በዚያ መካከል ጎጆ ይሠራሉ። የብዙዎቹ ጫጩት፣ እንደ ዶሮና እንደ ቆቅ ጫጩት ሳይሆን፣ ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ገላው የተራቆተ ሆኖ ይወጣል፤ ከአካሉ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የተከፈተ አፉ ነው። ራቅ ብሎ ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ወላጆቹ በቀን ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ እየተመላለሱ ትልና ፌንጣ ሲያጎርሱት ይታያል። ቀርቦ ለሚቆም ሰው ግን ወላጆቹ አይመጡም። ጠላት ነው ብለው ስለሚፈሩት በሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ጫጩቱም የተጣለ ይመስላል።

ይህ ከመምህራኑ ትምህርት ጋር አይጣላም። ወላጆቹ የሚለቅሙትን ትል የፈጠረ፣ ለመልቀምም ያተጋቸው እርሱ መጋቢው ነው። በአንጻሩ ግን ከዚህ ስሕተት የተነሣ በርኅራኄ የሚሞቱ ጫጩቶች አሉ። ልጆች «እናቱ ትታዋለች» ብለው ወደ ቤት ያመጡታል፤ እንጀራ ይሰጡታል፤ በማግሥቱ ይሞታል። ከጎጆ የወደቀ ጫጩት ቢገኝ በቀስታ ወደ ጎጆው መልሶ መራቅ ይሻላል። የሰው እጅ ስለነካው እናቱ አትቀበለውም የሚባለውም እውነት አይደለም።

ቅዱስ ዳዊት በሌላ መዝሙሩ ወፍ ለራስዋ ቤት እንዳገኘች፣ ማዕነቅም ልጆችዋን የምታኖርበት እንዳላት እየተናገረ የእግዚአብሔርን መሠዊያ ይናፍቃል (መዝ. 83፥3)። ማዕነቅ በአማርኛችን ዋኖስ ናት፤ ድምፅዋን ማለዳ በየጓሮው የምንሰማት። ጎጆዋን አይቶ የማያዝን የለም! ጥቂት ጭራሮ የተነባበረበት ነው፤ አንዳንዴ ከሥር ሆኖ ለሚያይ እንቁላሎቹ በጭራሮው መካከል ይታያሉ። ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ለሁለት ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ። ሲፈለፈሉም ሁለቱም ወላጆች ከጉሮሯቸው በታች ባለው ከረጢት የሚመነጭ ወተት መሰል ምግብ ያጎርሷቸዋል። በሕገ ኦሪት የድሆች መሥዋዕት ይህች ወፍ ወይም ርግብ ነበረች (ዘሌ. 12፥8)፤ እመቤታችንም ጌታን ይዛ በ40 ቀን ወደ ቤተ መቅደስ በወጣች ጊዜ መሥዋዕቱ ይኸው ነበር (ሉቃ. 2፥24)።

ከዋኖስ በተቃራኒ በዕለተ ሐሙስ በክንፋቸው ይበርሩ ዘንድ ከተፈጠሩት መካከል እንደ ሸማኔ የሚሠሩ አሉ። ቢጫው ወፍ ሣርና የቅጠል ስንጥር እየጠለፈ ጎጆውን በቅርንጫፍ ጫፍ ያንጠለጥላል። የሚሠራው ወንዱ ነው፤ ሴቷ መርምራ ካልወደደችው ብዙ ጊዜ ራሱ አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል።

ስለ ጎጆ የተሰጠ ሕግም አለን። ኦሪት ዘዳግም፣ በዛፍ ወይም በምድር ላይ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ወይም ከእንቁላሎችዋ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ያዝዛል (ዘዳ. 22፥6-7)። የሚያስደንቀው ለዚህች ትንሽ ለምትመስል ትእዛዝ የተሰጠው ተስፋ ነው፤ የኑሮ መቃናትና የዕድሜ ርዝመት። ይህ ተስፋ አባትና እናቱን ለሚያከብር የተነገረው ነው (ዘዳ. 5፥16)። ወላጅን ማክበርና በጎጆዋ ላይ የተቀመጠችን እናት መማር በአንድ ዋጋ ተጽፈዋል። እንግዲህ ወንጭፍ ይዞ ጎጆ የሚያፈርስ ሕፃን በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ቢማር ከወፍ አልፎ ለእናቱም ይጠቅማታል።

የጎጆው ነገር ግን በወንጭፍ ብቻ አያበቃም። ጌጫ የምትገኝበት የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በደቡብ ምዕራቡ ደን ከመንቁሩ በላይ እንደ ቀንድ ያለ ጉብታ ያለው ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ይኖራል። ሴቷ በአሮጌ ዛፍ ጉድጓድ ገብታ በሩን በጭቃ ትዘጋለች፤ በጠባብ ስንጥቅ በኩል ወንዱ ፍሬ እያመጣ እርሷንና ልጆቿን ለወራት ይመግባል። ወጣት ዛፍ እንዲህ ያለ ጉድጓድ የለውም። በዚያ ወራት አሮጌ ቀረሮ ሲወድቅ እናትና ጫጩቶች አብረው ይወድቃሉ፤ አባትም ፍሬ ይዞ ይመጣል፤ የሚያቀብልበት ግን የለም።

ስለዚህ በጓሮአችንም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ጥላ ዛፍ ከመቁረጣችን ወይም ቅርንጫፍ ከመመልመላችን በፊት ቀና ብለን እንይ። ወፍ ምግብ በአፏ ይዛ ወደ አንድ ቅርንጫፍ የምትመላለስ ከሆነ በዚያ ጫጩት አለ። የትንንሾቹ ወፎች ጫጩት ከተፈለፈለ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይበርራል፤ ምሳሩ እስከዚያ ድረስ ቢቆይ ቡናው አይጎዳም።