መጋዙ የማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ አንድ አናጢ መጋዝ ሲገዛ ዋጋውን ተከራክሮ፥ ገንዘቡን ከፍሎ፥ መጋዙን በብብቱ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ነጋዴው ሱቁን ቢዘጋ እንኳ መጋዙ መቍረጡን አይተውም። ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ግን የሚሠሩበት መሣሪያ ራሱ ፕሮግራም ስለ ሆነ ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይደለም።

ዋናውን መሣሪያ አንድ ድርጅት ይሠራዋል፤ ለምሳሌ ማይክሮሶፍት «ቪዥዋል ስቱዲዮ» የሚባለውን። በዚያ ላይ የሚቀጠለውን ረዳት ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ባለሞያ ሠርቶ ይሸጣል። ከእነዚህ ቅጥያዎች አንዱ «ሪሻርፐር» ነው፤ ሠሪው እ.ኤ.አ. በ2000 በፕራግ ከተማ የተቋቋመው «ጄትብሬንስ» የተባለው ኩባንያ ነው። ጸሐፊው ሲሳሳት ወዲያው ያሳየዋል፤ አንድ ስም ሲለውጥ በየፋይሉ ያለውን ሁሉ አብሮ ያርምለታል። (የተማሪዎቼን ደብተር በቀይ ቀለም ሳርም እንዲህ ያለ ረዳት ባገኘሁ!)

በሴፕቴምበር 2015 ኩባንያው ከእንግዲህ መሣሪያዎቹን የሚሰጠው በኪራይ ብቻ እንደ ሆነ፥ ክፍያው ሲቋረጥም ፕሮግራሙ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ደንበኞቹ ተቈጡ። ለሻጩም መፍረድ ይገባል፤ ዋናው መሣሪያ በተለወጠ ቍጥር ቅጥያውም መታደስ አለበት፥ የሚያድሱትም ሰዎች ደመወዝ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ገንዘብ መጠየቁ ስስት አይደለም። ነገር ግን ቀድሞ ገዢው አዲሱ እትም ደስ ካላሰኘው አሮጌውን ይዞ መሥራት ይችል ነበር፤ ሻጩም ይህን እያወቀ አዲሱን የሚያስመኝ አድርጎ ለመሥራት ይተጋ ነበር። ኪራዩ የነጠቀው ይህን «አልፈልግም» የማለት መብት ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ ውሉ ተሻሻለ። ዓመት ሙሉ የከፈለ ሰው ክፍያውን ቢያቆም እንኳ፥ ያ ዓመት ሲጀምር የነበረው እትም ለዘለቄታው የእርሱ ሆኖ እንዲቀር ተደረገ። እኔ ትክክለኛ ዋጋ የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ብሩ ቢበዛም ቢያንስም።

«ታዲያ በነጻ የሚገኘውን ለምን አይወስዱም?» ትለኝ ይሆናል። ይወስዳሉ እንጂ! «ኢቨንት ስትሪም» የሚባለው ነጻ ቅጥያ በ2018 በየሳምንቱ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይወሰድ ነበር። የጻፈው ሰው ግን ያለ አንዳች ክፍያ ሲጠብቀው ኖሮ ሰልችቶት ነበርና «ልርዳህ» ብሎ ለመጣ ለማያውቀው ሰው አስረከበው። እንግዳውም ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ደበቀበት፤ ይህችም «ኮፔይ» በተባለው ቦርሳ ውስጥ ቢትኮይን የሚባለውን የኮምፒዩተር ገንዘብ የሚያስቀምጡትን ሰዎች ቍልፍ እንድትሰርቅ የተሰናዳች ነበረች። ሳምንታት እስኪያልፉ ማንም አላያትም። በኖቬምበር ያጋለጣት ደመወዝተኛ ተቈጣጣሪ ሳይሆን፥ በካሊፎርኒያ የኮምፒዩተር ትምህርት ይከታተል የነበረ አንድ ተማሪ ነው።